ክሱን ከአፈጻጸሙ መጀመር

በንግድ ክርክር ምክንያት ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ነጋዴ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ «እናሸንፋለን ወይ?» የሚል። እኔም ሰነዶቹን ከመግለጤ በፊት በሌላ ጥያቄ እመልስለታለሁ፤ «ብንረታስ ገንዘቡን ከምን ላይ እናገኘዋለን?» ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ክሱ ገና ሳይጻፍ ስለ ተከሳሹ መኪና፣ ስለ መጋዘኑና ስለ ባንክ ሂሳቡ የሚጠይቅ ጠበቃ ስለ እውነቱ ግድ የሌለው ይመስላቸዋል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ካሳለፍኳቸው ዓመታት አጥብቄ የያዝኩት ትምህርት ይኸው ነው። ፍርድ ቤቱ «ይክፈል» ብሎ ከወሰነ በኋላ ምን ተይዞ፣ ምን ተሽጦ፣ ስንት ተገኝቶ ለባለመብቱ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያላሰበ ጠበቃ፣ ደንበኛውን ለዓመታት አመላልሶ በመጨረሻ የሚያስረክበው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህን አስተሳሰብ ያገኘሁት የጥብቅና ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት፣ በአንድ ባንክ የሕግ ክፍል በነገረፈጅነት ባገለገልኩበት ዘመን ነው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በውሉ ላይ ስምምነት እስካለ ድረስ፣ ዕዳውን ላልከፈለ ተበዳሪ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በመያዣ የያዙትን ንብረት የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልጋቸው በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አላቸው። ስለዚህ የባንክ ነገረፈጅ ድካሙ በአብዛኛው የሚያርፈው ብድሩ ከመለቀቁ በፊት ባለው ምርመራ ላይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ንብረቱ በሌላ ዕዳ አለመያዙን ወይም አለመታገዱን፣ የትዳር ጓደኛ መፈረሟን ወይም መፈረሙን፣ የመያዣ ውሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት መመዝገቡን አንድ በአንድ ያጣራል። ነገ ሐራጅ ላይ የሚቆመው ንብረት ዛሬ በወረቀት ላይ ይታየዋል ማለት ነው።

ፈቃድ አውጥቼ ለግል ነጋዴዎች መቆም ስጀምር ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ጨርቅ ወይም የመኪና መለዋወጫ በዱቤ የሚሸጥ አከፋፋይ እንደ ባንክ መያዣ አይዝም። በእጁ ያለው ብዙውን ጊዜ የዕቃ ማስረከቢያ ደረሰኝ፣ ጥቂት የስልክ መልእክቶች፣ አንዳንዴም «ለመተማመኛ» ተብሎ የተሰጠ ቼክ ነው። በመርካቶ ትልቅ ገንዘብ በቃል ይንቀሳቀሳል፤ ይህ መተማመን ለንግዱ ትልቅ ሀብት መሆኑን ከማንም በላይ የማውቅ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሲፈርስ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ሕጉ ግን ለተጻፈ ነገር ያደላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነትና ስለ ቀኑ ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ሰነዱ የሚለውን በምስክር ቃል ማፍረስን ይከለክላል። የተዋዋይ ወገን «በቃል የተስማማነው ሌላ ነበር» የሚለው ክርክር እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሰበር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቼኩን በተመለከተ ነጋዴዎቻችን የያዙት ግንዛቤ ከሕጉ ይለያል። ሰጪው «ቼኩ ዋስትና እንዲሆን እንጂ እንዲመነዘር አልሰጠሁትም» ይላል፤ ሕጉ ግን ቼክን እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ወደፊት የሚመጣ ቀን ቢጻፍበት እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ለባንክ ከቀረበ በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 እንደሚያስቀጣም መዘንጋት የለበትም። ለከሳሽ ደግሞ ቼኩ፣ የተስፋ ሰነዱ ወይም መጠኑ የታወቀ የውል ዕዳ ትልቅ በር ይከፍትለታል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 284 ጀምሮ በተደነገገው አጭር ሥነ ሥርዓት ክሱን በቃለ መሐላ አስደግፎ ማቅረብ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ፣ ፈቃዱን ለማግኘትም ቁም ነገር ያለው ክርክር እንዳለው ማሳየት አለበት። ካላሳየ ይፈረድበታል። ጥሩ ሰነድ ይዞ በመደበኛው ክርክር የሚጓዝ ጠበቃ ሳይ አሁንም ይቆጨኛል፤ የደንበኛው ጊዜ በከንቱ እየባከነ ነውና።

ጊዜ ስል ዝም ብሎ መጉላላት ማለቴ አይደለም፤ ጊዜ በገንዘብ ይተመናል፣ የሚተመነውም በባለገንዘቡ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 የተቀመጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ገንዘብ መክፈል ያለበት ሰው ሲዘገይ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ለመዘግየቱ የሚታሰብበት ይህ ወለድ ነው። እንደ 2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በሄደባቸው ጊዜያት፣ 10 ሚሊዮን ብር ያለበት ተከሳሽ ክርክሩን በአንድ ዓመት ባራዘመ ቁጥር በወለድ 900 ሺሕ ብር እየተጨመረበት፣ ዕዳው ግን በመግዛት አቅሙ ሲለካ ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ እየቀለለት ይሄድ ነበር። ለምን ቀጠሮ እንደሚለመን፣ ለምን ተስፋ የሌለው ይግባኝ እንደሚቀርብ ለገባው ሰው መልሱ እዚህ ሂሳብ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው ክርክር ሁሉ መደረግ አለበት፤ ይህን ሂሳብ ብቻ ተማምኖ ነገርን የሚያጓትት የሥራ ባልደረባ ግን የሙያችንን ክብር የሚሸረሽር ይመስለኛል፤ ይህንንም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

በዚህ ምክንያት ክስ ስጽፍ አብሬ የማዘጋጀው ሌላ አቤቱታ አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 እና ተከታዮቹ ተከሳሹ የፍርዱን አፈጻጸም ለማሰናከል ንብረቱን ሊያሸሽ ወይም ሊያስተላልፍ እንደሆነ ለፍርድ ቤቱ ሲረጋገጥ፣ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር (ማለትም ተይዞ እንዲቆይ) ወይም ዋስትና እንዲያቀርብ ለማዘዝ ይፈቅዳሉ፤ ቁጥር 154 ደግሞ ለክርክሩ ምክንያት የሆነው ንብረት እንዳይጠፋና እንዳይሸጥ ጊዜያዊ እግድ የሚሰጥበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ዳኛው በጥርጣሬ ብቻ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም። ስለዚህ ተከሳሹ ማሽኖቹን ለመሸጥ ማስታወቂያ ማውጣቱን፣ ድርጅቱን ለዘመዱ ለማዞር መነሳቱን ወይም ዕቃውን ከመጋዘን ማውጣቱን የሚያሳይ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል እግድ የሰውን ንግድ በአንድ ቀን ሊያቆም የሚችል ከባድ መሣሪያ መሆኑን ለደንበኞቼ አስረዳለሁ። የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሂሳብ ከተጠየቀው ገንዘብ በላይ አሳግዶ ተከሳሹን ማንበርከክ ለጊዜው ድል ይመስላል፤ ሥራው የቆመ ባለዕዳ ግን ነገ የሚከፍለው አይኖረውም።

ከእግዱ በፊት የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል አንድ ጉዳይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ባለዕዳውን በማስጠንቀቂያ እንዲጠይቀው ያዝዛል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በቁጥር 1775 ቢኖሩም፣ ነጋዴው በስልክ ደጋግሞ መለመኑን እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ስለ መድረሱ ማረጋገጫ መያዝ ነው። አንዳንዱ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ቀኑ፣ መጠኑና የውሉ አንቀጽ ያለ ስድብ የተጻፈበት ደብዳቤ ሲደርሰው የሚደራደር ባለዕዳ ቀላል አይደለም።

አባቶቻችን በሸንጎ ሙግት ትልቅ ስም ነበራቸው። በላ ልበልሃ ብሎ የሚሟገት ሰው በቅኔ፣ በምሳሌና በአንደበት ፍጥነት ባላጋራውን ሲረታ ታዳሚው ያደንቀው ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው የጥሩ ጠበቃ መለኪያው አንደበት ይመስለዋል። በንግድ ችሎት ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ዳኛው ፊት ብዙ መዝገብ ተደርድሯል፣ የሚሰጠን ጊዜ አጭር ነው፣ ጭብጡ የሚያዘውም ከጽሑፉ ነው። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ስይዝ መጀመሪያ የምሠራው የቀኖች ዝርዝር ነው። ውሉ የተፈረመበት፣ ቅድመ ክፍያ የተላለፈበት፣ ዕቃው ጂቡቲ የደረሰበት፣ ከጉምሩክ የተለቀቀበት፣ የመጀመሪያው ቅሬታ የተጻፈበት ቀን በቅደም ተከተል ይሰፍራል፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ያንን የሚያረጋግጠው ሰነድ ይጠቀሳል። ሰነድ ያጣ ቀን ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ዛሬ ከሰነዶቹ መካከል የኢሜይልና የቴሌግራም መልእክቶች እየበዙ መጥተዋል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ ክርክሩ መልእክቱ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም ከሚለው ወጥቶ ላኪው ማን ነው፣ ይዘቱስ ሳይነካካ ቆይቷል ወይ ወደሚለው ዞሯል። የመልእክቱን ፎቶ ብቻ አንስቶ ስልኩን የሚሸጥ ደንበኛ ማስረጃውን አብሮ ይሸጣል።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቁኝ መዝገቦች ከምንዛሪ ለውጥ ጋር የተያያዙት ናቸው። ብር በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ15 በመቶ እንዲቀንስ ሲደረግ አስመጪዎችና የግንባታ ተቋራጮች ወደ ጠበቆች መሮጥ ጀምረው ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሲደርስ ግን የመጣው ጥያቄ በመጠንም በክብደትም ሌላ ነበር። አሳንሰር፣ ጄኔሬተር ወይም ማሽን አስመጥቶ ለመትከል በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ውሉን ቢፈጽም ይከስራል፣ ባይፈጽም ይከሰሳል። «መቼም ይህን ያህል ይሆናል ብሎ የገመተ የለም፤ ፍርድ ቤት ያየዋል» ይሉኛል።

ፍርድ ቤት የሚያየው በሕጉ ነው፤ ሕጉም በዚህ ነጥብ ላይ ጠንካራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ እንደሆነ ይደነግጋል። ቁጥር 1763 እና 1764 ደግሞ ዳኞች በርትዕ፣ ማለትም ለሚዛናዊነት ሲሉ፣ ውልን እንዳይለውጡ፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ የአንደኛው ወገን ግዴታ ከገመተው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው እንዲባል ቁጥር 1792 የሚጠይቀው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ፍጹም የሚያግድ ድንገተኛ ነገር ነው፤ ቁጥር 1794 እንዲያውም፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ለውሉ የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መናር ወይም ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከአቅም በላይ እንደማይባል በግልጽ ያስቀምጣል። ውሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገ የአስተዳደር ውል ከሆነ ግን ከቁጥር 3183 ጀምሮ ያልታሰበ ሁኔታ ሲደርስ ተዋዋዩ እንዲደገፍ የሚያስችል ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ተቋራጮች በአንድ ሰፈር ተመሳሳይ ሕንፃ እየሠሩ፣ አንዱ ለግል አልሚ ሌላው ለመንግሥት በመሥራታቸው ብቻ ሕጉ የተለያየ ዕጣ ሊሰጣቸው ይችላል ማለት ነው። ይህ ልዩነት የራሱ የሕግ ታሪክና ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ለከሰረው ሰው ማስረዳቱ ግን ቀላል ሥራ አይደለም።

በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የያዝኩት አቋም፣ ዕድሉ የጠበበ ክርክር ይዤ ችሎት ከመቆም አስቀድሜ ወደ ድርድር መግፋት ነው። ቁጥር 1764 ራሱ የተለወጠውን ሁኔታ ተዋዋዮቹ በስምምነት ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ ያመለክታል። አሠሪው ውሉን በግድ ቢያስፈጽም ሥራው ግማሽ ላይ ይቆምበታል፣ ሌላ ተቋራጭ የሚያገኘውም በአዲሱ ዋጋ ነው። ይህንን በአኃዝ አስልተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ ደንበኞቼ የዋጋ ማስተካከያ አግኝተዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የመጣው ፍርድ ቤት መር አስማሚነትም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ እጅግ የሚስማማ ነው። ተከራካሪዎች አስማሚው ፊት የሚሉት ነገር በመዝገቡ ላይ ማስረጃ ሆኖ ስለማይመጣባቸው በችሎት ከሚናገሩት በላይ እውነቱን ይነጋገራሉ።

ስለ ማኅበራት ክርክር አጭር ነገር ልበል። ወንድማማቾች ወይም ባልና ሚስት ያቋቋሙት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲጣላ የሚቀርበው ክስ ሂሳብ ይመርመር፣ ሥራ አስኪያጁ ይሻር፣ ቃለ ጉባኤው ይሰረዝ፣ ማኅበሩ ይፍረስ የሚል ነው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ስንሠራበት የኖርነው የንግድ ሕግ ስለ ማኅበራትና ስለ መክሰር ያወጣቸው ድንጋጌዎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲተኩ፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርና የመልሶ ማደራጀት ሥርዓትን የመሳሰሉ ጠቃሚ ነገሮች መጥተዋል። በቤተሰብ ማኅበር ጠብ ውስጥ ግን ከሕጉ ይልቅ ሂሳቡ ይወስናል፤ የማኅበሩና የቤቱ ገንዘብ ለዓመታት ተቀላቅሎ ከኖረ፣ በፍርድ ቤት የተሾመ የሂሳብ ባለሙያም መነሻ የሚሆን ደረሰኝ ያጣል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ደንበኛዬ እኅት ወይም ወንድም መክሰሱን ዘንግቼ አላውቅም፤ አቤቱታውንም ነገ ለቅሶ ላይ ዓይን ለዓይን የሚተያዩ ሰዎች እንደሚያነቡት አስቤ እጽፈዋለሁ።

ትልልቅ ውሎች ክርክራቸውን ወደ ግልግል ዳኝነት ይወስዳሉ። እዚህም ነገሩ ዞሮ ዞሮ አፈጻጸም ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 42239፣ ተዋዋዮቹ የግልግል ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙ እንኳ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ችሎቱ ሊያየው እንደሚችል ሲወስን፣ የውጭ ባለሀብቶች ጠበቆች ብዙ ጊዜ ያነሱት የነበረው ስጋት ይኸው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ለተዋዋዮቹ ስምምነት ቦታ ሰጥቶታል፤ ሰበርን በስምምነት ማስቀረት ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት መቀላቀሏም በውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ፣ እዚህ የተሰጠውም ውጭ የሚፈጸምበትን መንገድ አቅንቷል።

የሙያው አደረጃጀትም ተለውጧል። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዳችን በየስማችን ቢሮ ከፍተን ለብቻችን ስንሠራ ኖረናል፤ ጠበቆች በሕግ ድርጅት እንዲደራጁ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ ሲታመም ወይም ሲሞት መዝገቦቹ ባለቤት አልነበራቸውም። አሁን ወጣት ጠበቃ ከአንጋፋው ጋር አንድ ፋይል ላይ ሊሠራ ይችላል፤ አንዱ የታክሱን፣ አንዱ የባንኩን፣ አንዱ የግንባታውን ሕግ ጠልቆ ሊያጠናም ይችላል። አብረውኝ ለሚሠሩት ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራ አድርጌ የምሰጣቸው የአፈጻጸም መዝገብ ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ተሽከርካሪ ሲያዝ «መኪናው የእኔ ነው» የሚል የወንድም ልጅ፣ ቤት ሲከበር «የጋራ ሀብታችን ነው» የምትል የትዳር ጓደኛ፣ ከሁሉም ቀድሞ መያዣ ያስመዘገበ ባንክ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መሠረት መቃወሚያ ይዘው ይመጣሉ። የንብረት ግምት ይከራከሩበታል፣ ተጫራች ጠፍቶ ሐራጁ ይደገማል። አንድ ዓመት በዚህ ውስጥ ያለፈ ወጣት ከዚያ በኋላ ክስ ሲጽፍ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ይለወጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚለወጠው ውል አረቃቀቁ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ፣ በዱቤ የሚሸጥ አከፋፋይም በማሽን፣ በዕቃ ክምችት ወይም በተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ያለውን የዋስትና መብት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ አስመዝግቦ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች የመቅደም ዕድል አለው፤ ቅድሚያውም በመሠረቱ የሚወሰነው ቀድሞ በተመዘገበ ነው። ይህን ዕድል የሚጠቀሙት በአብዛኛው ባንኮችና አበዳሪ ተቋማት ናቸው፤ ነጋዴዎቻችን ገና አልለመዱትም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጅምላ ሻጭ ለክስ ሲመጣ የያዘውን ጉዳይ ከተቀበልኩ በኋላ፣ ከሌሎች ደንበኞቹ ጋር ያሉትን የዱቤ ውሎች ሁሉ ይዞልኝ እንዲመጣ እጠይቀዋለሁ። ዘግይቶ የመክፈል ወለዱን ከ9 በመቶው ከፍ አድርገን እንጽፋለን፣ የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ ዋጋው እንዴት እንደሚስተካከል እንወስናለን፣ ማስጠንቀቂያ በየትኛው አድራሻና በምን መንገድ እንደሚደርስ እንስማማለን፣ ዋስትናውንም እናስመዘግባለን።